ስለ ቅኔ ቈጠራና ስለ አእዋፍ ፎቶግራፍ፤ ዐይን በየዕለቱ እንዴት እንደሚማር

በደብረ ወርቅ በኢዮቤልዩው በዓል ጉባኤ የተነገረ ቃል



ቁራ መልኩ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ መልሱ አንድ ነው፤ ጥቁር ነው ይባላል። በኖኅ ታሪክ ተልኮ የቀረውም፥ በተረት የሚነገረውም፥ በቅኔ ውስጥ ለኀጢአትና ለኀዘን ሰም ሆኖ የሚገባውም ቁራ ጥቁር ነው። ነገር ግን ሰው ከወይራው ሥር ቆሞ፥ ቀና ብሎ፥ አስተውሎ ቢያይ፥ የደጋው ቁራ ከማጅራቱ ላይ እንደ ባዘቶ የነጣ ምልክት አለው፤ የወፍራሙ አፉም ጫፍ ነጭ ነው። ይህ ቁራ በአፍሪካ ቀንድ እንጂ በሌላው ዓለም የማይገኝ ነው። ገደል የሚወደው ጅራተ አጭሩ ቁራ ግን ሁለንተናው ጥቁር ነው፤ ደረቱና ዐንገቱ የነጣ ሦስተኛ ቁራም አለ። እንግዲህ ቁራ ጥቁር ነው ያለ ሰው ሐሰት ተናገረ አይባልም፤ የሰማውን ተናገረ እንጂ ያየውን አልተናገረም። የዛሬው ነገር የሚነሣው ከዚህ ከማጅራቱ ምልክት ነው። ሰው በደጁ የሚጮኸውን ወፍ ዐምሳ ዓመት ሙሉ ሰምቶ መልኩን ሳያውቅ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? ደግሞስ ማየት እንደ ንባብና እንደ ዜማ በመምህር ፊት የሚለመድ ትምህርት ይሆናልን?

ይሆናል። የጎጃም ቅኔ ቤት ይህን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል፤ ስሙን ግን የዐይን ትምህርት ብሎ አልጠራውም። ቅኔን የጀመረው ማን ነው በሚለው ነገር ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፤ አንዱ ወገን ዮሐንስ ገብላዊን፥ አንዱ ወገን ተዋነይን ያነሣል፤ ክርክሩ በአንድ ቀን ጉባኤ አይፈታምና ይቅር። ስለ አሠራሩ ግን ክርክር የለም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ስለ ቁራሽ ከደጅ ደጅ ሲዞር ከውሻ ጋራ ሲታገል ይውላል፤ ማታ መምህሩ የሚዘርፉትን ቅኔ ተቀብሎ በቃሉ ያጠናል፤ በማግሥቱም ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዱር ይወጣና ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ብራና የለውም፥ ቀለም የለውም፤ ያለው በፊቱ የሚታየው ፍጥረትና በራሱ ውስጥ ያለው ግስ ብቻ ነው። ጉንዳን ሲሰለፍ፥ ጭልፊት ሲያንዣብብ፥ ጅረት ድንጋይ ሲዞር ያያል። ከዚህ ሁሉ አንዱን መርጦ ሰም ያደርገዋል።

ለጀማሪ የሚታዘዘው ጉባኤ ቃና ነው፤ እርሱም ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሁለት ቤት ጠባብ ናት፤ ብዙ ዕቃ አትይዝም። ተማሪው ጉንዳኑንም ጭልፊቱንም ጅረቱንም በአንድ ላይ ላስገባ ቢል ቤቱ ይፈርስበታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ትቶ አንዱን መያዝ ይማራል። መተው ማለት ከመያዝ ይልቅ የሚያስቸግር ትምህርት ነው። ይህን ሲለምድ ወደ ሦስቱ ቤት ወደ ዘአምላኪየ፥ ከዚያም ወደ ዐምስቱ ቤት ወደ ዋዜማ፥ ወደ ስድስቱ ቤት ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ሰፊውን ቤት የሚሰጡት ጠባቡን ለሞላ ሰው ነው። ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርም። የሌላውን ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ቢታወቅበት ያፍራል፤ የራሱንም የትናንት ቅኔ መልሶ ቢያመጣ አይቀበሉትም። እንግዲህ ፀሐይ በወጣች ቍጥር አዲስ ነገር ማየት ግድ ይሆንበታል።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው መሰማቱ ነው። ተማሪው የቈጠረውን ይዞ ከመምህሩ ወይም ከአስነጋሪው ፊት ቆሞ ይናገራል። መልካም እንደ ሆነ ይበል ይባላል፤ እንዳልሆነም አገባቡ ይቃናለታል። የሚቃናው ደግሞ አገባቡ ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ ንስርን በጨለማ ሲያድን አድርጎ በቅኔው ቢያስገባው፥ ነቅዕ ያለው መምህር ንስር በሌሊት ሲያድን የት አየኸው ብሎ ይጠይቀዋል። በዚያን ጊዜ ወርቁ ምንም ቢያምር ሰሙ ይቀልጣል፤ ሰሙ ከቀለጠ ደግሞ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ አይኖረውም። የቅኔ መንገዶችስ ስማቸውን ከወዴት አመጡ? ውስጠ ወይራ የተባለው በውጭ ሌላ በውስጥ ሌላ ሆኖ ስለሚገኝ ነው፤ ይህን ስም ያወጣው ሰው ወይራ ፈልጦ የልጡንና የልቡን መልክ ያስተዋለ መሆን አለበት። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በዚህ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው መጽሐፋቸው የገጠሩን ሰው አለባበሱንና አነጋገሩን፥ አካሄዱንም ሳይቀር አጥርቶ ያሳያል። ይህ የማየት ኀይል ከወዴት መጣ ብሎ የሚደነቅ፥ የቅኔ ቤትን ሥራ የማያውቅ ሰው ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውም ትውፊት ከዚህ አይርቅም። ትምህርት እንቢ ቢለው ሸሽቶ ሳለ፥ አንድ ትል ዛፍ ልትወጣ ስትሞክርና ስትወድቅ፥ እንደገናም ስትሞክርና በመጨረሻ ስትወጣ አይቶ ተመለሰ ይባላል፤ በኋላም ዜማውን የሰማው ከሦስት አእዋፍ ነው ይባላል። ሁሉም የሚያስታውሰው አእዋፉን ነው፤ አእዋፉ ግን የመጡት ትሏን ቁጭ ብሎ ላየ ሰው ነው።

ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ በሌላም አገር በሌላ መሣሪያ ተነሥቷል፤ መሣሪያውም ፎቶግራፍ ነው። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1892 የወፍ ጎጆ ከነእንቍላሉ በፎቶግራፍ አነሡ። ከዚያም በኋላ ወፎቹ እንዳይሸሹአቸው የበሬ ቆዳ በቁሙ እንዳለ በሬ አስመስለው ሠርተው፥ ከሆዱ ውስጥ ገብተው እየቆሙ ይጠብቁ ነበር። የጎጃም ገበሬ ይህን ቢሰማ ይሥቃል፤ ዳሩ ግን የእንግሊዝ ሰው በደበሎ ተጠቅልሎ ከቍጥቋጦ ሥር ለብቻው የሚያጕተመትመውን የቅኔ ተማሪ ቢያየው እንዲሁ ይሥቅ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በልደት በዓል ሰዎች በወገን ተከፍለው ያገኙትን ወፍና አውሬ በጥይት የሚገድሉበት፥ ብዙ የገደለም የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነበረ። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የአእዋፍ ሊቅ በ1900 በልደት ቀን መግደሉ ቀርቶ ወፎቹ በሕይወታቸው ይቈጠሩ አለ፤ በዚያን ቀን 27 ሰዎች ወጡ፤ ቈጠራውም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይደረጋል። ወፍ መቍጠርና ቅኔ መቍጠር በአማርኛ በአንድ ቃል መጠራታቸው ለቅኔ ሰው ኅብር ሆኖ ይሰማዋል።

ዛሬ በብዙ አገር ወፍና ዱር የሚያነሡ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፥ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ አንድ ርእስ ይሰጣጣሉ። አንዱ ሳምንት የሚበር ወፍ፥ አንዱ ሳምንት የወፍ ዐይን፥ አንዱ ሳምንት ከአንድ ስፍራ ሳይነቃነቁ የሚታይ ነገር ይባላል። ተሳታፊው አሮጌ ሥዕል ከሣጥኑ አውጥቶ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ በዚያ ሳምንት ያነሣውን አንዱን ብቻ መርጦ ያቀርባል፤ ባልንጀሮቹም ይህ ቅርንጫፍ የወፉን ፊት ሸፍኗል፥ ይህ ብርሃን ከኋላ በመምጣቱ ወፉን ጥላ አድርጎታል እያሉ ይተቹታል። የሚበር ወፍ ሳይደበዝዝ እንዲታይ የመሣሪያው መዝጊያ ከሴኮንድ በአንድ ሺኛው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተከፍቶ መዘጋት አለበት፤ ይህን ሰው በመጽሐፍ አንብቦ ያውቀዋል፤ ወፉ ከመነሣቱ በፊት ክንፉን እንዴት እንደሚያላላና እግሩን እንዴት እንደሚሰበስብ ግን ደጋግሞ ካላየ አያውቀውም። ጠባብ ርእስ፥ አዲስነትና የሚሰማ መምህር፤ በቅኔ ቤት ያለው ሁሉ እዚህም አለ። እንግዲህ ቅኔ ቤት ያለው አገር ይህን ልማድ እንደ እንግዳ ነገር ሊፈራው አይገባውም።

በልምምድ የሚገኝ ጥበብ የሰው ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ወፎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሣር እየፈተለች ጎጆዋን የምታንጠለጥለውን ቢጫ ወፍ የማያውቅ የለም፤ ስትሠራ ታየች ይባላል እንጂ ሠሪው ወንዱ ነው። ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ ባልና ሚስት የእነዚህን ወፎች ሥራ ብዙ ዘመን ሲመረምሩ፥ ጐልማሳው ወንድ መጀመሪያ የሚሠራው ጎጆ የተዝረከረከ መሆኑን፥ ሣር ሳያገኝ ያደገውም ሲፈትል እንደሚቸገር፥ እየሠራ እያፈረሰ ሲለምድ ግን እንደሚያምርለት አገኙ። ሴቲቱም መጥታ ጎጆውን ትመረምራለች፤ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች፤ እርሱም አፍርሶ ይሠራል። አስነጋሪ ማለት ይህች ናት።

አሁን ስለ አንዲት ወፍ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ሰምና ወርቅን በሥጋዋ የለበሰች ናትና። በደጋው አድባራት ደን ውስጥ ከሾላውና ከጽዱ ላይ ፍሬ እየለቀመች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የምትሮጥ፥ ጅራተ ረጅም፥ ከጕንጯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ወፍ አለች። ተቀምጣ ሳለች አረንጓዴና ሰማያዊ ናት፤ ከቅጠሉ ጋራ ትመሳሰላለች፤ ብዙ ሰው ድምጿን ይሰማል እንጂ አያያትም። ስትነሣ ግን ክንፏ ሲዘረጋ እንደ ደም የቀላ ላባ ይገለጣል፤ ስታርፍም ይሰወራል። ይህ ቅላት እንደ ሌሎች ወፎች ቅላት ከምትበላው ፍሬ የሚመጣ ቀለም አይደለም፤ በውስጡ መዳብ ያለበት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም ከእርሷ ወገን በቀር በሌላ ወፍ ዘንድ አይታወቅም። አረንጓዴዋን ብቻ ያነሣ ሰው ሰሙን አገኘ፤ ክንፏን ዘርግታ ሳለች ያነሣ ሰው ግን ወርቁን አገኘ፤ ይህንንም ለማግኘት ከሾላው ሥር ስንት ጠዋት መቀመጥ እንደሚያስፈልግ የሞከረ ያውቀዋል። በሩጫ የሚያልፍ ሰው እድሜውን ሙሉ ቅጠል ያነሣል።

በዚህ ነገር የሚቃወም ሰው አይጠፋም፤ ተቃውሞውም ከንቱ አይደለም። ቅኔ የልብ ሥራ ነው፥ መሣሪያው ግን ዐይንን ከልብ ይለያል፤ ወጣቱ የእጅ ስልኩን አውጥቶ መቶ ሥዕል ያነሣል፥ አንዱንም አላየውም ይላል። ይህ እውነት ነው። መቶ አንሥቶ ምንም ያላየ ሰው፥ ያለ ግስ ቅኔ እንደሚያወራ ተማሪ ነው። ደግሞም የቅኔ ዐይን የሥጋ ዐይን ብቻ አለመሆኑን የጎጃም ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ የጽበላዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሳሉ ስንቱን ዐይናማ ቅኔ አስተምረዋል። እርሳቸው በጆሮና በእጅ ያዩት ከብዙ ሰው ይበልጣል። ዳሩ ግን ይህ ተቃውሞ የሚነቅፈው አለማየትን እንጂ መሣሪያውን አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ርእስ ተሰጥቶት፥ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን ጥሎ አንዱን መርጦ፥ ይህን የመረጥኸው ስለ ምንድን ነው ተብሎ በጉባኤ ፊት የሚጠየቅ ወጣት፥ ስልኩ እንደ ባዘነ አይቆይም። ፎቶግራፍ ቅኔ አይደለም፤ ቅኔም አይሆንም፤ ለቅኔ የሚያስፈልገውን ሰም የሚያስለቅም መዳፍ ሊሆን ግን ይችላል።

ከዚህ ላይ የነገሩ ክብደት ይመጣል። ሰም ከወዴት ይለቀማል? ንቡ የሚቀስምበት አበባ ከሌለ ሰም የለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለውን ደን ሲመረምሩ 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አገኙ፤ ይህንም ሥራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በሆላንድ አገር በቫግኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቀረቡት። ደኑ ግን ከውስጡ ወጣት ችግኝ እያጣ መሆኑን፥ ከብት ገብቶ እንደሚረግጠውና እንደሚግጠው ጨምረው አሳዩ። በኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋራ ሆነው በአድባራቱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ደከሙ፤ ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነበርና ማሳውም ጠራ ደኑም ተጠበቀ። ኪራን ዶድስ የተባለ የስኮትላንድ ፎቶግራፍ አንሺ እነዚህን ደኖች ከሰማይ አነሣቸው፤ ሥዕሎቹም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጥተው ዓለም አያቸው። በዚያ ሥዕል ደኑ በታረሰ ምድር መካከል እንደ ደሴት ቆሞ ይታያል። ከሥሩ ለሚኖር ሰው ደኑ ሰፊ ነው፤ ከላይ ሲታይ ግን አንድ እፍኝ መሆኑ ይታወቃል። ፎቶግራፍ ለአገሬው ሰው የሚነግረው ነገር ይህን ያህል ነው።

ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር አለ። እኒሁ ዛፍ ሲቈጥሩ የነበሩ ሊቅ በኋላ እመጓ፥ ዝጎራና መርበብት የተባሉትን መጻሕፍት ጽፈው ብዙ አንባቢ አገኙ። ሰው አንድን ስፍራ ደጋግሞ፥ ዛፉን በዛፍ፥ ሐረጉን በሐረግ ካየ በኋላ የሚናገረው አያልቅበትም።

በደጋው ብዙ ስፍራ ወይራውና ጽዱ እየተቈረጠ፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ባሕር ዛፍ ለቤት ወጋግራና ለማገዶ ይጠቅማል፤ ድኻውን አቁሞታልና አይሰደብም። ነገር ግን የሚበላ ፍሬ የለውም፤ ክንፈ ቀዪቱ ወፍ ከእርሱ ላይ ምን ትለቅማለች? ሾላው ሲሄድ ትሄዳለች። እርሷም ስትሄድ ከእንግዲህ ወዲህ የሚነሣው የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከመጽሐፍ መበደር ይጀምራል፤ ያላየውን ንስር፥ ያልሰማውን ዋኔ፥ አያቱ ያዩትን ወይራ ይቀኛል። አገባቡ ይሰምራል፤ መምህሩ ግን የት አየኸው ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው አይኖርም። መምህሩም ራሱ ያላየ ከሆነ ጥያቄው ይቀራል። ቅኔ ቤት የሚዘጋው ደጁ ሲቈለፍ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ በደብረ ወርቅ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆችና የቅኔ ቤት ተማሪዎች በአንድነት ሊሞክሩት የሚቻል ነገር አለ። መሣሪያ የላቸውም ቢባል፥ ከአምስት ልጆች መካከል አንዱ የእጅ ስልክ አያጣም፤ አንዱ ስልክ ለአምስት ይበቃል፤ ይልቁንም አምስቱ ተከራክረው አንድ ሥዕል መምረጣቸው ይሻላል። ስልክ የሩቁን ወፍ አያቀርብም፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ መቅረብን፥ ወይም ተቀምጦ ወፉ ራሱ እስኪመጣ መጠበቅን ያስተምራል። ያም ባይሆን የወደቀ ላባ፥ በጭቃ ላይ የቀረ እግር፥ በካብ ላይ የሚያርፍ ጥላ ይነሣል። መልክ መልክ እየለየ በሥዕሉ ሥር የቅኔው ተማሪ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይቀኝበት፤ የትምህርት ቤቱ ልጅ ደግሞ የወፉን አኳኋን፥ ቀኑንና ስፍራውን ይጻፍበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ይህ መዝገብ የትኛው ወፍ እንደ ቀረና የትኛው እንደ ሄደ ለሚጠይቅ ሰው ምስክር ይሆናል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ ዐይነት ወፍ ይገኛል፤ ከዚህ ውስጥ በየደብሩ ዙሪያ የትኛው እንዳለ ከአገሬው ይልቅ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሲያውቀው ያሳዝናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳይነገር አይታለፍም። ወፍ ታቅፋ ሳለች ወደ ጎጆዋ መቅረብ፥ ሥዕል እንዲያምር ብሎ የሸፈነውን ቅጠል መግለጥ፥ ድንጋይ ወርውሮ ማስነሣት የተከለከለ ይሁን። ቅጠሉ የተገለጠባትን ጎጆ ከሰው ቀጥሎ ጭልፊት ያያታል። እንዲህ ያለ ሥዕል ምንም ቢያምር ጉባኤው ይበል እንዳይለው።

መጀመሪያው መስከረም ቢሆን ይመቻል። በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በሜዳው ላይ ይታያሉ፤ ከእነርሱም አንዷ ሆደ ብጫዋ፥ ጅራቷን የምትወዘውዘው፥ ከከብት እግር ሥር የማትለየው ናት፤ እረኛ ሁሉ ያውቃታል፤ ባሕር ተሻግራ መምጣቷን የሚያውቅ እረኛ ግን ጥቂት ነው። እርሷ ለሁለተኛው ሳምንት ትቆይ። በሦስተኛው ሳምንት በገደልና በቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር የምታድረው፥ ከዐንገቷ በኋላ ነጭ ቀለበት ያላት፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘው ርግብ ትሁን። ክንፈ ቀዪቱን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል፤ እርሷ የመወድስ ያህል ናትና ጀማሪን ታሳፍራለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ርእስ ቁራ ነው። ሥዕሉ ማጅራቱን ያሳይ፤ የሚነሣውም ከጠዋቱ በአንድ ሰዓትና በሦስት ሰዓት መካከል፥ ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ሳለች ይሁን። ሥዕሎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚህ ጥላ ሥር ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱም ልጅ ያቀረበው ከሦስቱ ቁራዎች የትኛው እንደ ሆነ በመጀመሪያ ይጠየቃል።